አመታትና ዓመታት

ይህን ገጽ ስትከፍቱ ምን እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። ስለ ምርጫ፣ ስለ ፓርላማ፣ ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ እኛ ስለ ስደተኞቹ መከፋፈል ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝና ዛሬም ከዚያው ማሳ አንድ ነዶ ተሸክሜ የምመጣ መስሏችሁ ይሆናል። አይደለም። የዛሬው ጽሑፌ ስለ ጎልፍ ነው፤ ያውም ስለ ታላላቆቹ ውድድሮች ሳይሆን ስለ እኔው ስለ ራሴ ጠማማ ምት። ይህ የማይጥመው አንባቢ ካለ በሚቀጥለው ጽሑፍ እንገናኝ፤ ቅር አልሰኝም።

አስቀድሜ ግን አንድ ክስ ልመልስ። “ጎልፍ የቱጃርና የዲፕሎማት ጨዋታ አይደለም ወይ? አንተን ምን ጥልቅ አደረገህ?” የሚል ወዳጅ አላጣም። እኔ ጨዋታውን የተማርኩት ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ፣ በፖቶማክ ወንዝ ዳር በተዘረጋው በምሥራቅ ፖቶማክ የሕዝብ ሜዳ ነው። አባልነት የለም፤ ከፍሎ መግባት ብቻ ነው። በአንድ ወገን የዋሽንግተን ሐውልት ይታያል፤ ከወንዙ ማዶ አውሮፕላኖች እየተከታተሉ ያርፋሉ፤ ወንዙ ሲሞላ ሜዳው ይጨቀያል። ደግሞም ይህ ሣር ያለ ክርክር የተገኘ ሣር አይደለም። በዚያው ከተማ ለጥቁሮች ተለይቶ የተሰጠው የላንግስተን ሜዳ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1939 ነበር። በ1941 ጥቂት ጥቁር ጎልፈኞች “በምሥራቅ ፖቶማክም እንጫወታለን” ብለው በፖሊስ ታጅበው ገቡ፤ የፌዴራል መሬቶችን ያስተዳድር የነበረው መሥሪያ ቤት ሚኒስትር ሃሮልድ ኢከስም ሜዳዎቹ ለሁሉም ክፍት እንዲሆኑ ወሰነ። የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ጎልፈኞች ማኅበር ግን አባልነትን ለነጮች ብቻ የሚፈቅደውን አንቀጽ ከደንቡ የሰረዘው ከዚያ ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ በ1961 ነው። እንግዲህ የቱጃር ጨዋታ ነው የሚለኝ ወዳጄ ይህንም ጨምሮ ይያዝልኝ። ወደ ራሴ ጉዳይ ልመለስ።

ጨዋታውን ያስተማሩን ሁላችንም “ጋሼ” እያልን የምንጠራቸው ሽማግሌ ናቸው። በልጅነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ የፈረንጆችን የጎልፍ ከረጢት እየተሸከሙ ሳንቲም ይለቅሙ ነበር። ሲመሽና ባለቤቶቹ ሲሄዱ፣ በተጣለ ዱላ የጠፋ ኳስ እየመቱ ተማሩ። ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሰው ናቸው፤ ኳሳቸው ሩቅ አይሄድም፣ ነገር ግን ካሰቡበት ቦታ አይስትም። ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እሳቸው፣ አንድ ታክሲ ነጂ ጓደኛችን፣ አንድ የመድኃኒት ባለሙያና እኔ እንገናኛለን። በፖለቲካ አራታችንም የተለያየን ነን፤ ሁለቱማ ዓይንና ናጫ ናቸው። ስለዚህ በጋሼ ሕግ እስከ ዘጠነኛው ጉድጓድ ድረስ የአገር ጉዳይ ማንሣት ክልክል ነው። ይህ ሕግ ከብዙ ሕገ መንግሥቶች የተሻለ ተከብሯል።

የእኔ ኳስ ሲነሣ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስላል። ከዚያ መሐል መንገድ ላይ ሐሳቡን ይለውጥና ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ ዛፍ ውስጥ፣ ወይም ጎረቤት ሜዳ ላይ ይወድቃል። ፈረንጆቹ ስላይስ ይሉታል። ታክሲ ነጂው ጓደኛችን “ያንተ ኳስ ገና ሳይደርስ ፓርቲ ይቀይራል” ይለኝ ነበር። ለዐሥር ዓመታት መፍትሔዬ አንድ ነበር፤ ወደ ግራ ማነጣጠር። ኳሱ ወደ ቀኝ መሄዱ ካልቀረ፣ አስቀድሜ ወደ ግራ ብልከው መሐል ይገባል የሚል ስሌት ነው። አንዳንድ ቀን ይሠራል። በማይሠራበት ቀን ግን ሰው ላይ እንዳይወድቅ እየጮኽኩ እሮጣለሁ።

ባለፈው ዓመት ጸደይ ወገቤን ማመም ጀመረኝ። ልጄ በዚያ ሰሞን አብራኝ መጥታ ነበርና በስልኳ ቀርጻ አሳየችኝ። “አባዬ፣ አንተ እንጨት ነው እንዴ የምትፈልጠው?” አለችኝ። አልዋሻችሁም፤ ደነገጥኩ። እኔ በሐሳቤ የማየው ሰው ቀስ ብሎ ዱላውን የሚያነሣ፣ ወገቡን የሚያዞር፣ በግራ እግሩ ላይ ተረጋግቶ የሚጨርስ ሰው ነው። በስልኩ ውስጥ ያለው ሰውዬ ግን ትከሻውን ወደ ፊት ወርውሮ፣ ቀኝ እግሩ ላይ ተንጋድዶ፣ ዱላውን ከውጭ ወደ ውስጥ እንደ መጥረቢያ ያወርዳል። ሰው አደርገዋለሁ የሚለውንና የሚያደርገውን ነገር ለይቶ ማሳየት ሙያዬ ነው ብዬ ስንት ገጽ ጽፌአለሁ! የራሴን ግን አንድ ልጅ ስልኳን እስክትደቅንብኝ ድረስ አላየሁትም። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አየሁት። ከዚያ እንድታጠፋው ለመንኳት፤ እሷ ግን ለእናቷ ልካዋለች።

የእንጨት ፈለጣው ምንጭ እንግዳ አልሆነብኝም። እኔ ያደግሁት ገና ስጫወት ነው። አንባቢ የሚያውቀው ነው፤ ጫፉ የታጠፈ ዱላ፣ ጥንጓ፣ አቧራው፣ ሎሌው ጌታውን ቢመታ እንኳ ቁጣ የሌለበት ያ ቀን። ገና የሚመታው ሰው ጥንጓን መሬት ለመሬት፣ በተጋጣሚዎቹ እግር መሐል፣ በትከሻ ጉልበት ነው። ቆሞ አያነጣጥርም፤ ጊዜ የለውም። ሰውነቴ በዐሥር ዓመቴ የተማረውን በሃምሳ ሦስት ዓመቴም ሳይረሳ ይዞታል። ይህን ለመምህሬ በነገርኩት ጊዜ በጣም ተደነቀ፤ ገና ምን እንደሚመስል በኢንተርኔት ፈልጎ አየና “አሁን ገባኝ” አለኝ።

መምህር ከመያዜ በፊት ግን በመጽሐፍ ለመዳን ሞክሬ ነበር። የቤን ሆጋን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1957 የታተመ ነው፤ በጎልፍ ዓለም እንደ ዳዊት የሚደገም መጽሐፍ ነው ብል አላጋነንኩም። ሆጋን እ.ኤ.አ. በ1949 መኪናው ከአውቶቡስ ጋር ተጋጭቶ ከሞት የተረፈና በተከታዩ ዓመት የአሜሪካን ኦፕን ያሸነፈ፣ ለአመታቱ ብሎ ሕይወቱን የሰጠ ሰው ነው። ታዲያ መጽሐፉን እንደ ታማኝ ደቀ መዝሙር ተከተልኩ፤ ግራ እጄንም እሱ እንዳለው አድርጌ ያዝኩ። ኳሴ ከቀድሞው ይብስ ወደ ቀኝ ታጠፈ። ኋላ እንደተረዳሁት፣ ሆጋን ዕድሜውን ሙሉ የታገለው ከእኔ ተቃራኒ ከሆነ በሽታ ጋር ነበር። የእሱ ኳስ ወደ ግራ እየታጠፈ ያስቸግረው ነበርና የእጅ አያያዙን ያላላው ያንን ለመከላከል ነው። እኔ የሌላ ሰው በሽታ መድኃኒት እየዋጥኩ ነበር። (ይህን አረፍተ ነገር ለሌላ ጉዳይ መጠቀም የሚፈልግ ኢኮኖሚስት አንባቢ ካለ ፈቅጄለታለሁ።)

መምህሬ ዕድሜው የእኔ ግማሽ የማይሞላ አሜሪካዊ ልጅ ነው። መጀመሪያ ያደረገው ዱላ ማስያዝ ሳይሆን አንድ ነገር ማስረዳት ነበር። የዱላው ፊት ከኳሱ ጋር የሚቆየው ለአንድ ሺኛ ሰከንድ ግማሽ ያህል ብቻ ነው። በዚያ ቅጽበት ውስጥ ሰው ሊያርመው የሚችለው ነገር የለም፤ የሚሆነው ሁሉ አስቀድሞ ተወስኗል። ኳሱ የሚያውቀው የዱላው ፊት ወዴት እንደዞረና ዱላው ከየት ወዴት እንደሚጓዝ ብቻ ነው። ለረጅም ጊዜ ይሰጥ የነበረው ትምህርት ኳሱ በመጀመሪያ የሚነሣው ዱላው በሚጓዝበት አቅጣጫ ነው የሚል ነበር። ከ2000ዎቹ ወዲህ የራዳር መለኪያዎች ሲስፋፉ ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ ተገኘ፤ ኳሱ የሚነሣው በአብዛኛው የዱላው ፊት ወደሚያይበት ነው፤ የሚታጠፈው ደግሞ ፊቱና መንገዱ በተለያዩበት መጠን ነው። የእኔን ጉዳይ በዚህ መነጽር ስታዩት የሚያሳዝን ነው። ወደ ግራ ባነጣጠርኩ ቁጥር ዱላዬ ከውጭ ወደ ውስጥ ይበልጥ ይቆርጣል፤ በቆረጠ ቁጥር ኳሱ ይበልጥ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ በታጠፈ ቁጥር እኔ ይበልጥ ወደ ግራ አነጣጥራለሁ። ዐሥር ዓመት ሙሉ በሽታዬን በበሽታዬ ሳክም ኖሬአለሁ።

አንድ ማታ ሒሳቡን ወረቀት ላይ ሠራሁት። 250 ያርድ በሚጓዝ ኳስ ላይ የአንድ ዲግሪ ስሕተት ከአራት ያርድ በላይ ያስታል፤ አምስት ዲግሪ ከሆነ ሃያ ሁለት ያርድ ገደማ። አምስት ዲግሪ ማለት የሰዓት ረጅሙ ዘንግ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከሚሄደው ያነሰ ነው። ኳስ አጥፍቼ የማላውቅባቸው ቅዳሜዎች መኖራቸው ያን ማታ ገረመኝ።

“ለስንት ዓመት እንዲህ ስትመታ ቆየህ?” ሲል ጠየቀኝ ልጁ። በአማርኛ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ራሱን በመለሰ ነበር። አመታት ብንል የመምታት ጠባይ ነው፤ ዓመታት ብንል የዘመን ቁጥር ነው፤ በአንደበት ግን ይቀራረባሉ። አመታቴን ልለውጥ ስነሣ የምታገለው ከዓመታቴ ጋር እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

የተለወጠው ነገር ሲጻፍ ጥቂት ነው። ግራ እጄን ወደ ቀኝ ትንሽ አዞርኩ፤ ቁልቁል ሳይ ቀድሞ አንድ የጣት አንጓ ይታየኝ የነበረው አሁን ሁለት ተኩል ይታየኛል። ይህች ትንሽ ለውጥ የዱላውን ፊት እንዲዘጋ ረዳችው። ስሜቱ ግን የሌላ ሰው እጅ በክንዴ ጫፍ የተሰፋልኝ ያህል ነበር። ቀጥሎ የመንገዱ ነገር መጣ። መምህሬ ከኳሱ ውጭ በኩል ባዶ የጫማ ካርቶን አስቀመጠና “ካርቶኑን ሳትነካ ምታ” አለኝ። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ካርቶን ሰባበርኩ። ሚስቴ ጫማዎቿ ያለ ቤት መቅረታቸውን አይታ “አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ጨዋታ እኮ ከሚበላው ገንዘብ የሚሰብረው ዕቃ በለጠ” አለች። ሳሎን ውስጥ በዣንጥላ ስለማመድ የወደቀውን መብራት ጨምራ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ የጉልበት ጉዳይ ነው። ጉልበት ከክንድ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር፤ ስለዚህ ኳሱን ሩቅ ለማድረስ በፈለግሁ ቁጥር ጥርሴን ነክሼ ዱላውን አንቃለሁ። መምህሬ የሚለው ተቃራኒውን ነው። ዱላው ገና ላይ ሳለ ክብደት ወደ ግራ እግር መሸጋገር ይጀምራል፤ ዳሌ ይዞራል፤ ደረት ዳሌን ይከተላል፤ ክንድ ደረትን፤ ዱላው የመጨረሻው ነው። እያንዳንዱ ክፍል ሲዘገይ የያዘውን ፍጥነት ለሚቀጥለው ያስረክባል። ይህን በእንግሊዝኛ ዐሥር ጊዜ ሰምቼ አልገባኝም። በዐሥራ አንደኛው ጊዜ ግን የቡሄ ጅራፍ ትዝ አለኝ። ጅራፍ ያጮኸ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጅራፍ የሚጮኸው እጅ ወደ ፊት ሲሮጥ ሳይሆን በልኩ ሲገታ ነው። እጅህ ከጅራፉ ጋር ከሮጠ የሚሰማው ድምፅ የገመድ ሹክሹክታ ብቻ ነው። እንግዲህ ሰውነቴ ገናን ብቻ ሳይሆን ቡሄንም ያውቅ ኖሯል፤ የሚያስፈልገው አንዱን ትቶ ሌላውን ማስታወስ ነበር። የዱላዬ ፍጥነት መጀመሪያ ሲለካ በሰዓት 86 ማይል ነበር። ጥርሴን መንከስ ካቆምኩ በኋላ፣ በወራት ውስጥ፣ 91 ደረሰ። ዕድሜዬ እየጨመረ ፍጥነቴ ሲጨምር ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ወገቤም ከዚያ ወዲህ ዝም አለ።

እንዲህ ስጽፈው ቀላል ይመስላል። እውነቱ ግን ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ድረስ በሕይወቴ ከተጫወትኩት ሁሉ የከፋውን ጎልፍ ተጫወትኩ። ቀድሞ አንዱን ጨዋታ በ97 ወይም በ98 ምት የምጨርስ ሰው 114 ደረስኩ። ይህ ጨዋታ ቁጥር ሲበዛ የሚያሳፍር መሆኑን ለማያውቅ አንባቢ ልናገር። አሮጌው ምት ቢያንስ ወደ ቀኝ እንደሚሄድ ይታወቃል። አዲሱ ወዴት እንደሚሄድ አምላክ ብቻ ያውቃል፤ አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ፣ አንዴም ከእግሬ ሥር ሳይነሣ።

በዚያ ሰሞን ማታ ማታ የታላላቆቹን ታሪክ እያነበብኩ እጽናና ነበር። ታይገር ዉድስ እ.ኤ.አ. በ1997 በሃያ አንድ ዓመቱ የማስተርስን ውድድር በ12 ምት ልዩነት አሸነፈ። ከዚያ የራሱን ምት በፊልም አይቶ አልወደደውም፤ ከአሠልጣኙ ከቡች ሃርመን ጋር ሆኖ ይፈታው፣ ይገጥመው ጀመር። በ1998 በአሜሪካው ዋና የውድድር ዙር ያሸነፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በ1999 ስምንት ጊዜ አሸነፈ፤ በ2000 የአሜሪካን ኦፕን በ15 ምት ልዩነት ወሰደ። ይህ ታሪክ ደስ ይላል። የማያስደስተው የአየርላንዳዊው የፓድሬግ ሃሪንግተን ታሪክ ነው። በ2007 እና በ2008 ከዐበይቱ ውድድሮች ሦስቱን ካሸነፈ በኋላ የተሻለ እሆናለሁ ብሎ ምቱን መነካካት ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ ከአራቱ ዐበይት አንዱንም አልደገመም። ዉድስን ባነበብኩበት ሌሊት እተኛለሁ፤ ሃሪንግተንን ባነበብኩበት ሌሊት እገላበጣለሁ። ልዩነቱ እነሱ ሁለቱም የሚጥሉት ነገር ነበራቸው። እኔ የምጥለው 97 ምት ብቻ ነው፤ ግን ሰው የያዘው ትንሽም ቢሆን የራሱ ነውና አሳሳኝ።

አሁን ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ወዳስገደደኝ ነገር ልምጣ። ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ቅዳሜን ተውኩ። ለጓደኞቼ ወገቤን አሞኛል አልኳቸው። ወገቤ ግን ደኅና ነበር፤ ያመመኝ ኩራቴ ነው። እነሱ ፊት እየቆምኩ እንደ ጀማሪ መሬት ስቆፍር መታየት አልፈለግሁም። አመታቴ ሲስተካከል፣ ቀጥ ያለ ኳስ ይዤ ድንገት ብቅ ብዬ ላስደንቃቸው አሰብኩ። ስለዚህ እነሱ በፖቶማክ ዳር ሲጫወቱ እኔ ወንዙን ተሻግሬ ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ የመለማመጃ ሜዳ ብቻዬን ካርቶን እሰብር ነበር። እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ቅዳሜ አለፈ።

ነሐሴ ሲጋመስ ጋሼ ደወሉ።

“ወገብህን አሞሃል አሉኝ።”

“ተሽሎኛል ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።”

“ወገብህ ቨርጂኒያ ሲሄድ ነው እንዴ የሚሻለው?”

ታክሲ ነጂው ጓደኛችን መንገደኛ ሲያደርስ አይቶኛል። የምለው ጠፋኝ። እሳቸው ግን አልተቆጡም፤ ድምፃቸውን እንኳ አልለወጡም።

“እኔ እኮ ጠቅልዬ አገር ቤት ልገባ ነው። ጳጉሜን ሳይገባ እሄዳለሁ። ቀናውን ኳስህን እስክታመጣ ልጠብቅህ አልችልም። ጠማማውን ለምጄዋለሁ፤ እሱኑ ይዘህ ና።”

መሄዳቸውን ሁሉም ሰው ከሰኔ ጀምሮ ያውቅ ነበር። ቅዳሜ በዘጠነኛው ጉድጓድ ላይ፣ ሕጉ ሲነሣ፣ ነግረዋቸው ኖሯል። እኔ አልነበርኩም።

በቀሩት ሁለት ቅዳሜዎች ተጫወትን። በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ በመጀመሪያው ጉድጓድ፣ ሰው እያየኝ ነው የሚለው ሐሳብ ሲመጣብኝ የአራት ወር ትምህርት ሁሉ ከእጄ ሸሸ። ትከሻዬ ተወረወረ፤ ኳሱም እንደ ልማዱ ፓርቲ ቀየረ። “እንኳን ደኅና መጣህ” አለ ታክሲ ነጂው፤ ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ይሁን ሌላ ነገር፣ ከዚያ በኋላ ሰውነቴ ላላ። በሰባተኛው ጉድጓድ ላይ የቡሄው ነገር ትዝ አለኝና ቀስ ብዬ መታሁ። ኳሱ ቀጥ ብሎ ተነሣ። የሚታጠፍበት ቦታ ደረሰ፤ እኔም ከልማድ አንገቴን ወደ ቀኝ አዘነበልኩ። አልታጠፈም። ከሜዳው መሐል፣ ከመድኃኒት ባለሙያው ኳስ አልፎ አረፈ። ማንም አልተናገረም። ጋሼ ኳሱን አላዩም፤ እግሬን ነው ያዩት። በግራ እግሬ ላይ እንደቆምኩ ነበር።

“ይህን ማን አስተማረህ?”

“አንድ ልጅ ነው ጋሼ።”

“ልጁ ያውቃል። እስቲ እጅህን እንዴት እንደያዝክ አሳየኝ።”

አሳየኋቸው። ጠጋ ብለው አዩና የራሳቸውን ግራ እጅ እንደ እኔ ወደ ቀኝ አዞሩ። ዱላውን ሁለት ጊዜ በአየር ላይ ወዘወዙ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ነበረበት መለሱና “እኔስ ይቅርብኝ፤ መሽቷል” ብለው መቱ። መቶ አርባ ያርድ ያህል፣ ያሰቡበት ቦታ ላይ።

ያን ቀን በ101 ምት ጨረስኩ። ዛሬ 94 ገደማ ነኝ። ሲደክመኝ ወይም ስናደድ አሮጌው አመታት ይመለሳል፤ በተለይ ዜና አንብቤ የሄድኩ ዕለት። አራተኛ ሰው እስካሁን አላገኘንም፤ ሦስት ሆነን እንጫወታለን፤ እስከ ዘጠነኛው ጉድጓድ ድረስም ፖለቲካ አናነሣም። ባለፈው እሑድ ጋሼ ከአዲስ አበባ ደውለው ነበር። ስለ ሚስቴ ጠየቁ፣ ስለ ልጄ ጠየቁ፤ ከዚያ፦

“ትናንትና እንዴት ነበር?”

“ሁለት ኳስ ወደ ቀኝ ሄደብኝ ጋሼ። የቀረው ደኅና ነበር።”

“ሁለቱን አገኘሃቸው?”

“አንዱን።”